በቀኝ የኋላ ጎማ በኩል የቀረው ጠመኔ

የምስክሯ ስም፦ ወ/ሮ ፀሐይወርቅ ባምላክ
ዕድሜ፦ 63
ሥራ፦ ጡረተኛ (የቀድሞ የመሥሪያ ቤት ታይፒስት)
አድራሻ፦ ባሕር ዳር ከተማ፣ ሹም አቦ ክፍለ ከተማ
ከሟች ጋር ያላቸው ዝምድና፦ ሚስት
ቃል የሰጡበት ቀን፦ ሐሙስ ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ተኩል
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ሀዲስ ደሞዝ
ጉዳዩ፦ ዓርብ ጥር 23 ቀን በቤዛዊት ቁልቁለት ላይ በደረሰ የመኪና አደጋ የአቶ ዳኘው ወልደ ሐዋርያት ሕይወት ስለማለፉ

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተመዘገበው እኔ ምስክር ቃሌን የምሰጠው ተጠርቼ ሳይሆን በራሴ እግር መጥቼ ነው። ከሐዘን ቤት ተነሥቼ ስወጣ ድንኳኑ ገና አልፈረሰም፤ ወዴት ነው ያሉኝም ነበሩ። ዕድሜዬን የጨረስሁት የሰው ቃል በታይፕ ስመታ ስለሆነ፣ ቃል ሲጻፍ እንደሚለሳለስ አውቃለሁ። ስለዚህ ሳጅን ሀዲስ እኔ ያልሁትን ብቻ እንዲጽፍ፣ ሊያሳምረው እንዳይሞክር አስቀድሜ ነግሬዋለሁ። እሱም ተስማምቷል። ባለቤቴን «ሟች» እያለ ሊጽፍ ጀምሮ ነበር፤ እኔ ግን ዳኘው እያልሁ ስለምናገር ዳኘው ተብሎ ይጻፍልኝ።

ባለቤቴ ዳኘው ከፋብሪካ ጥገና ክፍል ጡረታ የወጣ ሰው ነበር። አደጋ የደረሰባት መኪና ከአባቱ የወረሳት ጥቁር የድሮ የእንግሊዝ መኪና ስትሆን፣ ዕድሜዋ ከእኔም ከእሱም ይበልጣል። ለሥራ አንጠቀምባትም ነበር። በሰፈራችን ሴት ልጅ ስትዳር ዳኘው መኪናዋን አጥቦ፣ አበባ አስሮ ሙሽራዋን ይወስዳል። አንድም ቀን ኪራይ ተቀብሎ አያውቅም። እኛ ልጅ አልወለድንም። በሰው ልጅ ሠርግ ላይ ክራቫት አስሮ መሪ ሲይዝ ግን የወለደ አባት ይመስል ነበር። ይህ ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም ከተባለ ይሰረዝ፤ እኔ ግን ይገናኛል እላለሁ።

አሁን በእስር ላይ የሚገኘው ኑርሑሴን ሰላህ በሰፈራችን ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው። ከዳኘው ጋር የተዋወቁት ሁለቱም ፋብሪካ በነበሩበት ጊዜ ሲሆን ከዚያ ወዲህ እንደ ታላቅና ታናሽ ወንድም ኖረዋል። በረመዳን ከባለቤቱ ከዘይነት ቤት ሾርባ ሳይመጣልን የቀረበትን ዓመት አላስታውስም። በፋሲካም ዳኘው ለእነሱ የሚሆን በግ ለይቶ ያቆምና ኑርሑሴን ራሱ መጥቶ ያርዳል። ልጁ ተቅዋ እኛ ግቢ እየሮጠች ያደገች ናት። ሠርጓ እሑድ ጥር 25 ቀን ተቆርጦ ነበር። ዳኘው ቀኑ ከመቆረጡም በፊት «ተቅዋን ከእኔ በቀር ማንም አይወስዳትም» ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግሯል።

ረቡዕ ጥር 21 ቀን ከአስተርዮ ማርያም ስንመለስ፣ ዳኘው መኪናዋ በቆመችበት መሬት ላይ በቀኝ የኋላ ጎማ በኩል እርጥብ ነገር አየ። ተንበርክኮ ተመለከተና አሞርዛተሩ ዘይት አፍስሷል አለኝ። አሞርዛተር መኪና ጉድጓድ ስትገባ እንዳትዘል የሚያረጋጋት ዕቃ ነው። በአሁኖቹ መኪኖች ላይ እንደ ቧንቧ ረጅም ነው። የእኛዪቱ የድሮ ስለሆነች ከጎማው ጀርባ በብሎን የታሰረ ዘይት የተሞላ የብረት ሣጥን አላት፤ ከሣጥኑም ጎን አንድ ክንድ ወጥቶ ወደ ጎማው ይያያዛል። ይህን ሁሉ የማውቀው ስለተማርሁት አይደለም፤ ከዳኘው ጋር የኖረ ሰው ሳይወድ በግዱ ያውቃል።

ዳኘው የሣጥኑን መክደኛ ፈትቶ ዘይት ጨመረበት። በማርያም ቀን ብሎን አይፈታም ብዬ ተቆጣሁት። እሱም የተጠማን ማጠጣት ሥራ አይደለም፣ ጽድቅ ነው ብሎ ሳቀብኝ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ወደ ውስጥ ከገባው ይልቅ በላዩ የፈሰሰው ይበልጥ ነበር። ሣጥኑም፣ የጎማው ጀርባም፣ መሬቱም በዘይት ራሰ።

በማግሥቱ ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ግድም ዳኘው ኑርሑሴንን ጠርቶት ወደ ግቢያችን መጣ። በቦታው የነበርነው ሦስታችን ብቻ ነን። እኔ በራፉ ላይ ተቀምጬ ምስር እየለቀምሁ ነበር፤ ኋላ ባትሪ እንዳበራለት ስለጠየቀኝ ተነሥቼ ከአጠገቡ ቆምሁ። ኑርሑሴን መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ ከሥሯ ገባ። የአሞርዛተሩን ክንድ ከጎማው በኩል ፈትቶ ወደ ላይ አነሣውና ወደ ታች ገፋው። ክንዱ እየከበደው ቀስ ብሎ ወረደ። የግራውንም እንዲሁ አድርጎ አወዳደራቸው። ከዚያም «ጋሼ ዳኘው፣ ዘይት ያለቀበት አሞርዛተር ክንዱ እንደ ላላ በር ይወዛወዛል። ይኸ ገና ይከብዳል። ከዚህ የሚያፈስ አልመሰለኝም» አለው። ዳኘው የከበደው ትናንት ስለሞላሁት ነው ብሎ ተከራከረ። ኑርሑሴንም ሊሆን ይችላል፣ ትናንት የፈሰሰውና ዛሬ የሚያፈሰው ተደባልቆብኛል አለ። እርግጠኛ መስሎ አልተናገረም። እኔ የማውቀው ይህን ነው፤ አውቆ ደበቀ የሚል ካለ ውሸት ነው።

ከዚያ በኋላ በጨርቅና በቤንዚን ሣጥኑን፣ ክንዱንና የጎማውን ጀርባ ጠርጎ አደረቀው። ከኪሱ የትምህርት ቤት ጠመኔ አውጥቶ በድንጋይ አደቀቀና በመዳፉ እያደረገ በሁሉም ላይ ነሰነሰው። ምን ሊሆን ነው ብዬ ጠየቅሁት። ዘይቱ ከአሞርዛተሩ ከሆነ የሚወጣበት ቦታ ላይ ጠመኔው ይረጥባል፤ ሣጥኑ ደረቅ ሆኖ ከታች ጎማው ከረጠበ ግን ነገሩ ከፍሬኑ ነው፣ ጎማውን ፈትቼ ማየት አለብኝ ብሎ አስረዳኝ። ሁለቱም ዘይት አይደሉም ወይ፣ በምን ትለያቸዋለህ አልሁት። የአሞርዛተሩ ዘይት ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፣ የፍሬኑ ግን ከውኃ ጋር ተደባልቆ ይጠፋል አለኝ። ይህን የጠየቅሁት ለወሬ ያህል ነበር።

ሊሄድ ሲል እጁን እየጠረገ የተናገረውን በሁለት ጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ እንዳለ ይጻፍልኝ። «ጋሼ፣ ነገ ጧት ሜዳ ለሜዳ ትንሽ ይንዷት። ከጁምዓ በኋላ መጥቼ አያታለሁ። እስከዚያ አይጠቧት፤ ቁልቁለትም እንዳይወርዱባት፣ አደራ።» ዳኘው እሺ ልጄ አለው። ኑርሑሴን ይህን ሲናገር ድምፁን ከፍ አላደረገም። መኪናዋ የምትሄደው ለገዛ ልጁ ሠርግ ነው፤ ዳኘው ደግሞ ታላቁ ነው። ይሉኝታ ይዞት በልመና ቃል ተናገረ። በልመና ቢሆንም ተናግሯል።

ዓርብ ጥር 23 ቀን ከጧቱ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ዳኘው ባልዲና ሳሙና መኪናዋ ውስጥ ጭኖ ሐይቁ ዳር እንሂድ አለኝ። አይጠቧት አልተባልህም ወይ አልሁት። እሱም የሙሽራው ሽማግሌዎች ዛሬ ከደልጊ ይገባሉ፣ ነገ መኪናዋን ያያሉ፣ በጠመኔ የተለወሰች መኪና ላሳያቸው ነው ወይ ብሎ መለሰልኝ። «ሙሽራ በቆሸሸ መኪና ተወሰደች ከሚባል እኔ ብቀበር ይሻለኛል» አለ። ሰው እንዲህ የሚለው ለአባባል ያህል ነው፤ እኔም ለአባባል ያህል ሰማሁት።

ሐይቁ ዳር ደርሰን ውኃው ጥልቅ ባልሆነበት ቦታ የኋላ ጎማዎቿን አስጠግቶ አቆማት። ሱሪውን ሳይሰበስብ እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ገባ። እኔ ከዛፍ ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሕፃን እንደሚያጥብ እናት ቀስ እያለ አሻሻት፤ እጁ የደረሰበትን ጠመኔ ሁሉ አጠበው። ከጎማው የወረደው ውኃ ነጭ ነበር። ዘይት ሲንሳፈፍ ግን አላየሁም። የኑርሑሴን ነገር ትዝ ብሎኝ ይህንኑ ነገርሁት። «ጣና ለአንዲት ጠብታ ዘይት ፊቱን ይለውጣል ብለሽ ነው?» ብሎ በእጁ ውኃ ረጨኝ። እኔም ሳቅሁ። ነገሩን ከዚያ በላይ አልገፋሁትም። ከእሱ ጋር የሳቅሁት የመጨረሻው ሳቅ ያ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ ማቆም በፈለገ ቁጥር ፍሬኑን ደጋግሞ ይረግጠው ነበር። መኪናዋ አሮጌ ስለሆነች ይህ የቆየ ልማዱ ነው፤ ስለዚህ ምንም አልመሰለኝም። ከተማችን ሜዳ ናት። የፍሬን ድካም የሚለየው ቤዛዊት ላይ ነው።

እኔን ከበራፋችን ካወረደኝ በኋላ ሞተሩን ሳያጠፋ ሙሽሮቹ ቤዛዊት ላይ ፎቶ ይነሣሉ ተብሏል፣ ዳገቱን ትችል እንደሆነ ሞክሬ ልምጣ አለ። ሙሽራ ይዞ ዳገት ላይ መቅረት እንዴት ያለ ሀፍረት እንደሆነ ነገረኝ። ቁልቁለቱስ አልሁት። «የወጣ መውረዱ አይቀርም» አለኝ። ኑርሑሴንን ጠብቀው አልሁት። እሱ ከመስጊድ ሳይወጣ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። ይህ ሲሆን ከቀኑ ስድስት ሰዓት አካባቢ ነው። እኔ ወደ ማድ ቤት ገባሁ፤ የጾም ወጥ ጥጄ ነበር።

አደጋው ሲደርስ በቦታው ስላልነበርሁ ያላየሁትን አልመሰክርም። ስልክ ተደውሎልኝ ስደርስ መኪናዋ ከመንገድ ወጥታ ከዛፍ ጋር ተጋጭታ ነበር። እንጨት ተሸክመው ሲወርዱ የነበሩ ሴቶች እያለቀሱ፣ መሪውን የጠመዘዘው እኛን እንዳይገጭ ነው ብለውኛል። እነሱን ፖሊስ ይጠይቃቸው። እኔ ያየሁት ዳኘውን ነው። ከመኪናዋ አውጥተው ሣር ላይ አስተኝተውት ነበር። ሸሚዙ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ገና አልደረቀም፤ የሐይቁ ውኃ ነው። ያን እርጥብ ሱሪ ጨብጬ ጮኽሁ። ከዚያ በኋላ ካለው ሰዓት የማስታውሰው የኑርሑሴንን መምጣት ብቻ ነው።

ኑርሑሴን ከመስጊድ ሲወጣ ሰምቶ በነጭ ልብሱ እየሮጠ መጣ። መኪናዋን ዞሮ እንኳ አላያትም፤ ከዳኘው እግር ሥር አፈር ላይ ተቀመጠ። ቅዳሜ በቀብሩ ላይ ከሬሳው ሳጥን ሥር ትከሻውን አላወጣም። የእሑዱን ሠርግ የሰረዘው እሱ ራሱ ነው። ከደልጊ ለደስታ የመጡት ሽማግሌዎችም ከሐዘናችን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው አስተዛዝነውን ተመለሱ። ተቅዋ እጇ ላይ የሂና ቀለሟ እንዳለ ከአጠገቤ ሆና አብራኝ አልቅሳለች።

ሰኞ ዕለት የዳኘው ታናሽ ወንድም ምናሴ ወልደ ሐዋርያት፣ መካኒኩ አይቶ ደህና ናት ብሎ የሰጠው መኪና ወንድሜን ገደለው ሲል አመለከተ። በዚሁ ምክንያት ኑርሑሴን ተያዘ። ምናሴን አልቀየመውም፤ ወንድሙን ቀብሯል፣ የሚቈጣበት ሰው ያስፈልገው ነበር። ነገር ግን ሐሙስ ዕለት በግቢያችን አልነበረም፤ እንፍራንዝ ነበር። ደህና ናት ሲባል የሰማ የለም፤ አልተባለምና።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ዘይነት ወደ ድንኳኑ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። ባሏ ለፖሊስ መኪናዋን ያየሁት እኔ ነኝ ከማለት በቀር ሌላ ቃል እንዳልሰጠ ነገረችኝ። አትጠቧት፣ አትውረዱባት ማለትህን ለምን አትናገርም ስትለው፣ ጋሼ መልስ በማይሰጡበት ቦታ እሳቸውን ከስሼ አልወጣም፣ ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ብሏታል። «እትዬ ፀሐይወርቅ፣ ልለምንዎ አልመጣሁም፤ ልጅዎ ተቅዋም ሂጂልኝ አላለችኝም። እንዲያው ዝም ብል ውስጤ እንዳይቃጠል ብዬ ነው» አለችኝ። ከዚያ ተነሥታ ከሴቶቹ ጋር ዕቃ ታጥብ ጀመር።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ጧት ምናሴን ጠርቼ የሰማሁትን ሁሉ ነገርሁት። እሱም እያለቀሰ «እትዬ፣ አፈሩ ሳይደርቅ ሙት ወቃሽ ይሆናሉ?» አለኝ። ዛሬ ወደዚህ መምጣቴ መልሴ ነው።

ይህን ቃል ከመጨረሴ በፊት መኪናዋን እንዳያት ጠይቄ፣ ሳጅን ሀዲስ ወደቆመችበት ግቢ ወስዶኛል። ቀኝ የኋላ ጎማዋን ጐንበስ ብለን አየን። የዳኘው እጅ ባልደረሰበት በሣጥኑ አናትና ጀርባ ላይ ጠመኔው አሁንም አለ። ውኃ ነክቶት የደረቀ ነው፤ ዘይት አልነካውም። የኑርሑሴን የጣቶቹ ምልክት በላዩ ላይ ይታያል። ከታች የጎማው ጀርባ ግን ከታጠበም በኋላ እንደገና ረጥቦ፣ አቧራ ይዞ ጠቍሯል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ባለሙያ ይናገር፤ እኔ ያየሁትን ብቻ ነው ያስመዘገብሁት። የጠመኔው መኖር ግን ኑርሑሴን ሥራውን እንዳልጨረሰና ሊመለስ እንደነበር ያሳያል። ሥራውን የጨረሰ ሰው ጠመኔ ነስንሶ አይሄድም።

ዳኘው ጥፋተኛ ነው ተብሎ እንዲጻፍ አልፈልግም። አይጠቧት የተባለችን መኪና ለሙሽራ ብሎ አጠበ፤ አይውረዱባት የተባለውን ቁልቁለት ለሙሽራ ብሎ ወረደ። የሆነው ይህ ነው፤ እንደሆነው ይጻፍ። ተቅዋ አባቴ ሳይፈታ አልዳርም ብላለች። እሷ ካልተዳረች ዳኘው ያን ሁሉ የደከመው ለማን ነው? ኑርሑሴን ባሌን ላለመውቀስ ብሎ አፉን ዘግቶ ታስሯል። ስለ ክብሩ እግዚአብሔር ይስጠው። ነገር ግን ዳኘው የእኔ ነው። በሕይወት እያለ ሳልወቅሰው የዋልሁበት ቀን የለም፤ ሞተ ብዬም አልተውም። ሌላ ሰው ቢወቅሰው ሙት ወቃሽ ይባላል፤ እኔ ብወቅሰው ሚስቱ ነኝ። ዳኘው፣ ሰው ከመስጊድ እስኪወጣ ብትጠብቅ ምን ነበረበት?

የሰጠሁት ቃል ይኸው ነው። ያየሁትን አየሁ፣ የሰማሁትን ሰማሁ ብያለሁ፤ ያላየሁትን አልጨመርሁም። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አልለመነኝም። በፍርድ ቤትም ብጠራ ይህንኑ እደግመዋለሁ። ተነቦልኝ፣ ራሴም አንብቤው ፈርሜአለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ፀሐይወርቅ ባምላክ

ማስታወሻ፦ ምስክሯ ካስመዘገቡት ቃል መጨረሻ ላይ ያለው ጥያቄ ለፖሊስ የቀረበ ባለመሆኑ ይውጣ ወይ ተብለው ተጠይቀው ነበር። እንዲወጣ ስላልፈቀዱ እንዳለ ተጽፏል።

ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ሀዲስ ደሞዝ (ፊርማ)